ዳክዬ አይደለችም

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። ሌሊት። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ፊት ላይ ይረጫል። ሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ፣ የምሠራበት የሥጋ ፋብሪካ ፓርኪንግ ላይ ቆሜያለሁ። ብሬክ ነበርኩ። እትዬ እያልን የምንጠራቸው የሥራ ባልደረባችን መኪናቸው ውስጥ የረሱትን ምሳ ሊያመጡ ወጥተው ድንገት ጮኹ።

«ና እስቲ እይልኝ! እዚህ መሬቱ ላይ የሆነ ነገር ይንፏቀቃል።»

አይጥ መሰለኝ። የስልኬን መብራት አበራሁ። ወፍ ናት። ቡናማ፣ ድብልብል፣ ጅራት የሚባል ነገር የሌላት። ልትነሳ ትሞክርና በደረቷ ትደፋለች። እግሮቿ እንደ ሌላ ወፍ ከሆዷ ሥር ሳይሆን ወደ ኋላ ተዘርግተዋል። ክንፏን ታራግባለች፣ አስፋልቱን በደረቷ ትገፋለች፣ አንድ ክንድ ያህል ሄዳ ትቆማለች።

«ወይኔ፣ እግሯ ተሰብሯል» አሉ እትዬ። እኔም አልተጠራጠርኩም። ሁለቱም እግር እንደዚያ ሲሆን ምን ሊባል ይችላል?

ጃኬቴን ጣል አድርጌባት አነሳኋት። አውራ ጣቴን በደንብ አድርጋ ነከሰችኝ። ያን ጊዜ ነው ፊቷን ያየሁት። ምንቃሯ አጭርና ወፍራም ነው፣ የዶሮ አፍ ማለት ነው። ዓይኗ ጥቁር ቡናማ። ላባዋ ከላይ ረጥቦ ውስጡ ግን ደረቅ ነበር፣ እጅ ውስጥ ሲገባ እንደ በግ ፀጉር የታመቀ። ከዚያ እግሯን አየሁ። የዳክዬ እግር አይደለም። የዳክዬ ጣቶች በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው። የዚህች ግን እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ግራና ቀኝ ተለጥጦ ትንሽ ቅጠል መስሏል። አረንጓዴ ቢጤ፣ ጠፍጣፋ። እንዲህ ያለ እግር ዓይቼ አላውቅም።

የጓንት ካርቶን ውስጥ አስገባኋትና መኪናዬ ውስጥ አኖርኳት። ሺፍቱ እስኪያልቅ ሐሳቤ እሷ ጋ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የዱር ወፍ ወስደህ ቤትህ አታሳድግም። ከ1918 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ በነሱ ነው) ስደተኛ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ አላቸው። የተጎዳች ካገኘህ ግን አንስተህ ፈቃድ ላለው ተንከባካቢ ወዲያው ማድረስ ትችላለህ። ጠዋት ላይ ስልክ ፈላልጌ ደወልኩ። አንዲት ትልቅ ሴት አነሱ። ሁለት እግሯ ተሰብሯል አልኳቸው።

«እግሯ ከኋላ ነው?»

«አዎ።»

«ጣቶቿ ቅጠል ይመስላሉ?»

«አዎ።»

ሳቁ። «አልተሰበረችም። ግሪብ ናት። አፈጣጠሯ እንደዚያ ነው። አምጣትና እንያት።»

ይዣት ሄድኩ። ክንፏን ዘረጉ፣ ደረቷን ዳሰሱ፣ ሚዛን ላይ አስቀመጧት፤ 400 ግራም ገደማ። ደህና ናት አሉ። የሆነው ይህ ነው፦ እነዚህ ወፎች የሚጓዙት በሌሊት ነው። ዝናብ የጠጣ አስፋልት ላይ መብራት ሲያርፍበት ከላይ ሲታይ ውሃ ይመስላል። ውሃ ነው ብላ ወረደች። ከወረደች በኋላ ግን መነሳት አትችልም። ለመብረር ውሃ ላይ ረጅም መንደርደሪያ ትፈልጋለች፣ በእግሯ እየረገጠች፣ በክንፏ እየመታች። ደረቅ መሬት ላይ ይህን የሚያደርግ እግር የላትም። ሰው ካላነሳት እዚያው ትቀራለች፣ መኪና ወይም ድመት እስኪያገኛት።

የዚህች ዘመድ የሆነ ሌላ ግሪብ አለ፣ ኢርድ ግሪብ የሚባል። ዲሴምበር 2011 ላይ ዩታ ውስጥ ሴዳር ሲቲ በምትባል ከተማ የእነሱ ትልቅ መንጋ በበረዶ ማዕበል መሃል በረዶ የለበሱ ፓርኪንጎችንና ሜዳዎችን ሐይቅ ነው ብሎ ወረደባቸው። ከአንድ ሺህ በላይ ሞቱ። የተረፉትን በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ሰዎች እየለቀሙ ውሃ ላይ ለቀቁ። የኔዋ ብቻዋን ነበረች።

የኔዋ ሙሉ ስሟ ፓይድ-ቢልድ ግሪብ ነው። ባለ ሁለት ቀለም ምንቃር እንደ ማለት። ሴትየዋ የወፍ መጽሐፍ አውጥተው ሥዕሏን አሳዩኝ። እኔም መከራከር ጀመርኩ። ሥዕሉ ላይ ምንቃሯ ነጣ ያለ ሆኖ መሃሉ ላይ ጥቁር ቀለበት አለው። ጉሮሮዋም ጥቁር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ግን ቀለበት የላትም፣ ጉሮሮዋም ነጣ ያለ ነው።

«የሠርግ ልብሷ ነው እሱ» አሉኝ። ቀለበቱ በመራቢያ ወቅት ይመጣል፣ በልግ ሲገባ (የነሱን ነው) ይጠፋል። ስሟን ያወጣላት ነገር ዓመቱን ሙሉ አብሯት አይኖርም። ስም ያወጣላት ሰው በበጋ ነው ያያት ማለት ነው።

ይህ ነገር ከዚያ በኋላ ብዙ ጠቅሞኛል። ወፍ ለመለየት ቀለም የመጨረሻው ነገር ነው። በተለይ ይህችን። ቡናማ ናት አለቀ፣ ከሩቅ ሲታይ ጭቃ ነው የምትመስለው። መጀመሪያ መታየት ያለበት አቀማመጧ ነው። ዳክዬ ውሃ ላይ እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ነው የሚቀመጠው። እሷ ዝቅ ብላ ነው፣ ግማሽ ጎኗ ውሃ ውስጥ። ቀጥሎ ኋላዋ። የዳክዬ ጅራት ቅርጽ አለው። የሷ ግን የተቆረጠ ይመስላል፣ ነጭ ለስላሳ ላባ ብቻ። ከዚያ ምንቃሯ፦ ጠፍጣፋ ከሆነ ዳክዬ ነው፤ ቀጭንና ሹል ከሆነና ዓይኑ ቀይ ከሆነ ሌሎቹ ትናንሽ ግሪቦች ናቸው፤ አጭርና ወፍራም ሆኖ ዓይኑ ጥቁር ከሆነ እሷ ናት። አንድ ሙሉ ጥቁር ወፍ ደማቅ ነጭ ምንቃር ይዞ እየነቀነቀ ቢያልፍ ደግሞ ኩት ይባላል፣ እሱም ዳክዬ አይደለም። ሲመሽ ብቻዋን የወጣች ጭንቅላት አይታችሁ «አገኘኋት» ብትሉ ደግሞ ማስክራት የሚሉት የውሃ አይጥ ሊሆን ይችላል። በኔ ደርሷል። ሩብ ሰዓት ሙሉ አይጥ በአድናቆት አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚለያት ግን አጠላለቋ ነው። ይህንንም ያየሁት በዚያው ቀን ነው።

ሴትየዋ የት እንደምለቃት ነገሩኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በቆሎው ከታጨደበት ማሳ ጎን ያለ ኩሬ። እዚህ ገበሬው እንዲህ ያለውን ረግረግ «ስሉ» ይለዋል። አጻጻፉ ሌላ፣ አነባበቡ ሌላ ነው። የመንገድ ምልክት ላይ አይቼ «ስላፍ» ብዬ ሳነበው የሳቁብኝን አልረሳም። ካርቶኑን ውሃው ጠርዝ ላይ ወስጄ አዘነበልኩት። በደረቷ ተንሸራታ ገባች። ሁለት ሜትር ያህል ቀዘፈች። ዘወር ብላ አየችኝ።

ከዚያ ሰመጠች። ዘላ አልጠለቀችም። አፏን አስቀድማ አልገባችም። ቀጥ ብላ ወደ ታች ወረደች፣ ዝግ ብላ። ጀርባዋ ጠፋ። አንገቷ ብቻ ቀረ። ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ። ከዚያ ምንም። ውሃው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ላባዋን ሰውነቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ስትጫነው በመሃሉ የያዘው አየር ይወጣል። ውስጧ ባሉት ከረጢቶች ያለውንም አየር ትቀንሰዋለች። አጥንቷም እንደ ብዙ ወፎች በአየር የተሞላ አይደለም፣ ድፍን ነው። ስለዚህ ምን ያህል እንደምትንሳፈፍ ራሷ ትወስናለች። የድሮ አሜሪካኖች «የውሃ ጠንቋይ» ይሏት ነበር። «ሲኦል ጠላቂ»ም ብለዋታል። አልፈረድኩባቸውም።

ፓርኪንግ ላይ ስብራት የመሰለን እግር ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞተር ነው። ከኋላ የተተከለው እንደ ጀልባ ሞተር እንዲገፋ ነው። ቅጠል የመሰሉት ጣቶች ወደ ፊት ሲመጡ ይታጠፋሉ፣ ወደ ኋላ ሲገፉ ይዘረጋሉ። መራመድን ከፍላ ነው መጥለቅን የገዛችው። ሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ያለው «ፖዲሴፕስ» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ በጨዋ ደንብ ልተርጉመው ብል አልተቻለኝም፦ «ቂጠ እግር» ነው።

በማግስቱ ብሬክ ላይ ታሪኩን ለሁሉም አወራሁ። ከኛ መሃል ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው ቡናቸውን አስቀምጠው «አየህ፣ ይህች ወፍ እኛን ናት» አሉ። «ከውሃችን ወጥተን አስፋልት ላይ የወደቅን...»

«አይ ጋሼ» አልኳቸው። «እሷ አገሯ ነው። አሜሪካ ተፈልፍላ አሜሪካ ያደገች ናት። የተሳሳተችው መብራቱን ነው።»

አልሰሙኝም። ስብከቱ እስከ ብሬክ ማብቂያ ቀጠለ። እትዬ ብቻ «እንኳን ወጣች» ብለው ዝም አሉ።

ክረምቱ መጣ፣ ኩሬው ድንጋይ ሆነ። እሷ ያን ጊዜ ውሃ ወደማይቀዘቅዝበት ወደ ደቡብ ሄዳለች። አፕሪል ላይ በረዶው ሲቀልጥ አሮጌ ባይኖኩላር ገዛሁና ከሌሊት ሥራ ስወጣ በዚያ በኩል እየዞርኩ ወደ ቤት መግባት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘኋት በዓይኔ አልነበረም። መስኮቴን ከፍቼ ቆሜ ሳለ ከፊላው ውስጥ የሆነ ድምፅ መጣ። «ኩክ ኩክ ኩክ» ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ «ካው፣ ካው፣ ካው» እያለ ወረደ። ዝንጀሮ ነው ብትሉኝ አምን ነበር። ከዚያች እፍኝ ከማትሞላ ወፍ ይህ ሁሉ ጩኸት ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል? ስትወጣ ቀለበቷን አድርጋ ነበር። ያቺው ትሁን ሌላ፣ አላጣራሁም። ለኔ ያቺው ናት።

ሜይና ጁን ላይ ጎጆዋን አገኘሁ። ጎጆ ማለት ይከብዳል። የበሰበሰ የውሃ ሣርና የፊላ ቅጠል ተከምሮ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ነው፣ ከፊላው ግንድ ጋር ታስሮ። ውሃው ሲሞላ አብሮ ይነሳል፣ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል። ስትሄድ ደግሞ ዝም ብላ አትሄድም። በምንቃሯ እርጥብ ሣር እየጎተተች እንቁላሎቹን ትሸፍናለች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል፣ እንጀራ እንደሚያለብስ ሰው። ከዚያ ሰመጥ። የቀረው የቆሻሻ ክምር ነው። ጎኑ ቆማችሁ እንኳ እንቁላል አለበት አትሉም። ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ሃያ ሦስት ቀን ያህል ይታቀፋሉ።

ጫጩቶቹ ጭንቅላታቸው በጥቁርና በነጭ መስመር የተሸነተረ ነው፣ የሜዳ አህያ ዓይነት። በተፈለፈሉበት ቀን እናታቸው ወይም አባታቸው ጀርባ ላይ ይወጣሉ። አንድ ቀን ሦስት ጭንቅላት ከአንዲት ጀርባ ላይ ብቅ ብሎ አየሁ። አንድ ጭልፊት በላይ አለፈ። እናትየው ክንፏን ከደነችና ከነልጆቿ ወደ ታች ወረደች። አዝላ ትጠልቃለች! ስትወጣ ሁለቱ ጀርባዋ ላይ ናቸው፣ ሦስተኛው እንደ ቡሽ ራቅ ብሎ ብቅ አለ፣ ተናዶ ይጮሃል።

ለልጆቿ የምታበላው ነገር ግን ነው ያስገረመኝ። ዓሣና የውሃ ነፍሳት ይጠበቃል። ክሬይፊሽ የሚባለውን ባለ መቀስ ቅርፊታምም ትሰብራለች፣ ያ ወፍራም ምንቃር ለዚህ ነው። ግን ላባም ታበላቸዋለች። ከደረቷ ትነቅልና ለጫጩቷ ትሰጠዋለች። ራሷም ትበላለች። ሆዷ ውስጥ ላባው እንደ ጥጥ ይጠቀጠቃል። አጥንቱና ቅርፊቱ በዚያ ተይዞ አንጀቷን እንዳይወጋ ይጠብቃታል ተብሎ ይታመናል። የማይፈጨውን ከላባው ጋር አድበልብላ መልሳ ትተፋዋለች።

እዚህ ላይ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል፣ ያለ ኩሬዎቹ እሷ የለችምና። ከደቡብ ዳኮታ ጀምሮ በሰሜን ዳኮታ፣ በሚኒሶታ፣ በአዮዋና በሞንታና፣ ድንበር ተሻግሮም በሦስት የካናዳ ግዛቶች የተዘረጋው የሣር ምድር በትናንሽ ኩሬዎች የተበሳሳ ነው። ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ ትልቁ የበረዶ ግግር ሲያፈገፍግ የተወው ጉድጓድ ነው። የሰሜን አሜሪካ ዳክዬ ግማሹና ከዚያ በላይ የሚፈለፈለው እዚህ ነው። ለበቆሎና ለአኩሪ አተር ሲባል ግን ከግማሽ በላይ ኩሬዎቹ ደርቀዋል። ገበሬው ከመሬት በታች ቱቦ ይቀብራል፣ ውሃው በቦይ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ዓመት ማሳ ነው። በ1985 የወጣ ሕግ ረግረግ አድርቆ የሚያርስ ገበሬ ከመንግሥት የሚያገኘውን ድጎማ እንዲያጣ ያደርጋል። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ዕድሜው 16 የሞላ የውሃ ወፍ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ ቴምብር ይገዛል፣ ገንዘቡ ረግረግ መግዣና መጠበቂያ ይሆናል። አሁን 25 ዶላር ነው። እኔ አላድንም፣ ግን ገዛሁ። የኔን ኩሬ ያቆየው የዳክዬ አዳኞች ገንዘብ ነው። ዳክዬ ላልሆነችው ወፍ ቤት የሠራላት የዳክዬ ቴምብር!

የቅርብ እህቷ አልታደለችም። በዚህች ወፍ ወገን ውስጥ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለተኛዋ ተለቅ ያለችና መብረር የማትችል፣ በዓለም ላይ ጓቲማላ ውስጥ አቲትላን የሚባል አንድ ሐይቅ ላይ ብቻ የምትኖር ነበረች። በ1958 ገደማ ቱሪስት ዓሣ እንዲያጠምድበት ተብሎ ባስ የሚባል ትልቅ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። ምግቧን በላባት፣ ጫጩቷንም በላ። በ1976 የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና የሐይቁ ውሃ ይጎድል ጀመር፣ የምትሸሸግበት ደንገል እየሳሳ ሄደ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አለቀች። አን ላባስቲል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ለዓመታት ልታድናት ደክማ ነበር።

አቲትላን እሳተ ገሞራ የቆፈረው ሐይቅ ነው። ይህን ሳነብ ነው የሰፈሬ ሐይቅ ትዝ ያለኝ።

እኔ የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ (ደብረ ዘይት የሚለው አሁንም ከአፌ ያመልጣል)። ሆራም ሌሎቹም ሐይቆቻችን በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቆፈሩ ናቸው። ልጅ ሆነን ሆራ ዳር አንድ ጨዋታ ነበረን። ውሃው ላይ ትንሽ ወፍ አለች፣ ድንገት ትጠልቃለች። የት ትወጣለች? ብይ እናስይዛለን። አንዱ «እዚያ!» ይላል፣ ሌላው «ዛፉ ጋ!»። ሁልጊዜ ማንም ያላሰበበት ቦታ ትወጣለች። ብዮቼን የበላችው እሷ ናት። ምን እንላት ነበር? ዳክዬ።

ያቺም ግሪብ ናት። ሊትል ግሪብ ይሏታል፣ ከዳኮታዋ አነስ ያለች፣ ስትራባ አንገቷ ቀላ የሚል፣ አፏ ጥግ ላይ ቢጫ ነጥብ ያላት። የፊላው ጎጆ፣ እንቁላል መሸፈኑ፣ ማዘሉ፣ ላባ መብላቱ፣ ሁሉም አለባት። ግሪቦችን ከዳክዬ የሚያገናኛቸው ኩሬው ብቻ ነው። በዘረ መል ጥናት ሲታይ የቅርብ ዘመዳቸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፍላሚንጎ። አብያታ ላይ ቆሞ ፎቶ የምንነሳበት ያ ባለ ረጅም እግር፣ ሮዝ ፍላሚንጎ። አንዱ እግር ብቻ ሆኖ ቀረ፣ አንዷ እግሯ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። ለእትዬ ይህን ስነግራቸው «በል እንግዲህ ሐሰትህን ጨምር» አሉኝ።

ባለፈው እሑድ ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሆራ ሂድና አንድ ወፍ ቅረጽልኝ አልኩት።

«ምን ዓይነት ወፍ?»

«ትንሿ። የምትጠልቀዋ።»

«ዳክዬዋን ነው?»

«ዳክዬ አይደለችም።»

«እሺ፣ ዳክዬ ያልሆነችውን» አለ እየሳቀ።

ማታ ቪዲዮው መጣ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፣ ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። መሃል ላይ ያቺ ድብልብል አለች፣ አንገቷ ቀላ ብሎ። ሦስት ሴኮንድ ያህል ቆየች፣ ከዚያ የለችም። ስልኩ ወደ ቀኝ ዞረ። ምንም የለም። ወደ ፊት ተጠጋ። ምንም። «የት ገባች ይህቺ?» ይላል ወንድሜ። ቁጥር መቁጠር ጀመረ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። እኔ ሱ ፎልስ፣ ሶፋዬ ላይ፣ በስክሪኑ ግራ ጥግ ብቅ ስትል አየኋት። እሱ አላያትም፣ አሁንም ወደ ቀኝ ነው የሚያየው።

«በግራህ! በግራህ!» ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩ።